የተበየደው አንገት

ካርቱም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ለተብርሃን
ሸኮ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ለእናቴ ለወይዘሮ በየነች ይድረስልኝ፤ ጉልበቷን ስሜያለሁ። ለአንቺም የወንድሜ ሚስት ነሽና ጤናውን ይስጥሽ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። የካርቱም ሙቀት እንደሆነ ለምደነዋል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአጎቴ ልጅ ዳንኤል ከሚዛን ጽፎልኛል። ቴፒ ላይ አንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዝተሽ፣ በጭነት መኪና አስጭነሽ ሸኮ እንዳስገባሽው ነገረኝ። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ሌላ ለተብርሃን የሚያወራ ነበር የመሰለኝ። የወንድሜ የከፈለኝ ተዝካር ጠላ የተጠመቀበት ጋን ገና ሳይደርቅ፣ ሚስቱ ሞተር ላይ ተንፈራጣ፣ ነጠላዋን በነፋስ እያስመታች ከገበያ ገበያ ስትከንፍ ሰው ምን ይላል? ኮረሪማና ማር መነገድሽን አልተቃወምኩም። እንደ ሰው ልጅ በአይሱዙ ተሳፍረሽ ሂጂ ነው የምልሽ።

ለመሆኑ ምን እንደገዛሽ ታውቂያለሽ? እኔ ዕድሜዬን በመኪናና በሞተር ሆድ ሥር ተኝቼ የጨረስኩ መካኒክ ነኝ። የፕሮጀክት ሞተር ማለት ሁሉም የጋለበው፣ ማንም ያላዘነለት ብረት ነው። አንቺ ቀለሙን አይተሽ ነው የገዛሽው፣ እርግጠኛ ነኝ። አንገቱን አይተሻል? መሪው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበትን ማለቴ ነው። እዚያ ጋ ቀለሙ ከሌላው ቦታ አዲስ ከሆነ፣ ከቀለሙ ሥር ብየዳ አለ። ከብየዳው በፊት ደግሞ የወደቀ ሰው ነበር ማለት ነው። ዘይቱን አስፈስሰሽ አይተሽዋል? ጎማውን ከመሬት አንስተሽ አሽከርክረሽዋል? አላደረግሽም። ሴት ልጅ ሞተር የምትገዛው ጨርቅ እንደምትገዛ ነው።

ቃሌ አጭር ነው። ለፈለገው ሰው ሽጪውና በቤትሽ በክብር ተቀመጪ። ሸጥኩት የሚል ደብዳቤ እጠብቃለሁ።

ጥበቡ


ሸኮ፣ ኅዳር 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጥበቡ
ካርቱም

እንደምን ከረሙ? እናትዎ ደህና ናቸው። ግራ ጉልበታቸው ክረምቱን ሲያስቸግራቸው ከርሞ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ስለወጣ በምርኩዝ ደጅ ይላሉ። ሳሙልኝ እንጂ እንዴት ሆነች ብለው ስላልጠየቁ ነው እኔ የምነግርዎ።

ስለ ሞተሩ የጻፉትን አማን ከተማ ላለው መካኒክ ለከድር አነበብኩለት። ስድቡን አይደለም፤ ጥያቄዎቹን ነው። ከድር ሳቀና «ይሄ ሰውዬ ይጥላሽ እንጂ ሥራውን ያውቃል» አለኝ። ከዚያ ሞተሩን ድንጋይ ላይ አቁመን እያንዳንዱን ፈተሽነው።

አንገቱ ላይ ያለው ቀለም እውነትም አዲስ ነበር። ከድር በቢላ ሲፍቀው ከሥሩ እንደ አባጨጓሬ የተጋደመ ብየዳ ወጣ፤ ከብየዳው ጫፍ ደግሞ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ጀምሯል። ዘይቱን ስናፈስስ ወተት የነካው ሻይ መስሎ ወረደ፤ ውኃ ገብቶበት ኖሯል። አጥበን በአዲስ ቀየርነው። የኋላ ጎማው ሲሽከረከር እንደ ሰካራም ይወላገዳል፣ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ እሱም ተለወጠ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ብረት ለብረት ነው የሚፋጨው። እሱ ቀርቶናል።

ተታልያለሁ፤ አልክድም። ጨርቅ ስገዛ ግን ብርሃን ላይ ዘርግቼ ነው የማየው። ስለ ሞተር ደግሞ ከእንግዲህ ማንም አያታልለኝም።

በአይሱዙ ሂጂ ብለዋል። በሐምሌ አንድ ሾፌር ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ካልተቀመጥሽ አለኝ። አልቀመጥም ስለው መንገድ ላይ አቁሞ ኮረሪማዬን ከነጆንያው ጭቃ ላይ ወረወረው፤ ማሩም ተደፋ። በእግሬ ሸኮ ስገባ እናትዎ በር ላይ ቆመው ነበር። ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ አልልም፤ ካርቱም እንደነበሩ አውቃለሁ። ሞተር መንዳትም ቢሆን ያስተማረኝ ወንድምዎ ከፈለኝ ነው፣ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር፣ ኳስ ሜዳው ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየን። እሱ አላፈረብኝም።

ደብዳቤዎን ለእናትዎ ሳነብላቸው ስለ ሴት ልጅና ስለ ጨርቅ ያሉትን ዘልዬዋለሁ። ጉልበቷን ስሜያለሁ ከሚለው ጀምሬ ስለ ብየዳው ያሉበት ላይ አበቃሁ። «አየሽ፣ ልጄ አስቦልሻል» አሉኝ። እንዲያ ብለው እንዲያምኑ ተውኳቸው።

አልሸጥም።

ለተብርሃን


ካርቱም፣ ጥር 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተብርሃን፣

ልደቱን በሰላም አሳልፋችሁ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚህ በላይ ምርቃት የሚወጣበት አፍ ዛሬ የለኝም።

በእናትና በልጅ መካከል ወንፊት ሆነሽ የገባሽው በማን ፈቃድ ነው? የኔን ቃል ለእናቴ እየመረጥሽ የምታቀብዪ አንቺ ማነሽ? ከእንግዲህ የጻፍኩትን ከሰላምታው እስከ ስሜ ድረስ ታነቢላታለሽ። «እናትዎ እንዲህ አሉ፣ እናትዎ አመኑ» እያልሽም አትጻፊልኝ። እናቴ አርጅታለች፣ አእምሮዋ ደክሟል፤ ያጎረሳት ሁሉ ልጇ ይመስላታል። እሱንም አንብቢላት።

ያ ከድር የምትይው ሰው ስንጥቁን ከላይ ከላዩ በይዶት ከሆነ ምንም አልሠራም። ስንጥቅ እንደ ሐሜት ነው፤ መሄጃውን ካልዘጉበት ይሄዳል። በሁለቱም ጫፍ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ እዚያው እንዲቆም ይደረጋል፤ የሚበየደው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እጅ ላይ ነው ነፍስሽን የጣልሽው። የነፍስሽ ጉዳይ የራስሽ ነው። የወንድሜ ስም ግን ገደል ውስጥ አይገኝም።

ለዳንኤል ጽፌለታለሁ። ሽማግሌ ይዞ ይመጣና ሞተሩን ከአንቺ ይረከባል። በከፈለኝ ቤት ያለው የከፈለኝ ነው፤ የከፈለኝ ያልሆነው የእናቴ ነው፤ የእናቴ ተጠሪ ደግሞ እኔ ነኝ። ቁልፉን ሳታንገራግሪ ስጪው።

ጥበቡ


ሸኮ፣ የካቲት 15 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥበቡ፣

ጤና ይስጥልኝ። እንዳዘዙኝ አነበብኩላቸው። እንዴት እንደሆነ ዳንኤል በራሱ መንገድ ሳይጽፍልዎ አልቀረም፤ የኔን ደግሞ ይስሙ።

ዳንኤል እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ሞተሩ ጓሮ ሙዙ ሥር ቆሟል። ገና ሳይቀመጥ «ቁልፉን» አለኝ።

«የፍሬኑ ሸራ ተፈትቶ አማን ነው ያለው» አልኩት። «አሁን ቢነዳ ቁልቁለቱ ላይ አይቆምም።»

«የሴት ሰበብ ነው» አለ።

አንደኛው ሽማግሌ የሸኮ ተወላጅ ናቸው፤ ነገር አይቸኩሉም። «እኛ የመጣነው ጥበቡ ልኳችኋል ተብለን ነው። ጥበቡ ያለውን እንስማው እንጂ» አሉ። ደብዳቤዎን አወጣሁና እናትዎ ዱካ ላይ እንደተቀመጡ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ወንፊት የሚለውን አነበብኩ። አእምሮዋ ደክሟል የሚለውንም አነበብኩ። ደስ ብሎኝ ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ ዝም ብዬ ብዘልለው ግን እንደገና ወንፊት እባል ነበር።

እናትዎ «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

«ያጎረሳት ሁሉ ልጇ ይመስላታል፣ ነው ያለው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ወደ ዳንኤል ዞሩ። «አንተ የወንድሜ ልጅ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጠህ ስለኔ ቤት ለካርቱም የምትጽፈው፣ እኔን ያጎረስከኝ መቼ ነው?»

እናትዎ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ወደ ሙዙ ሄዱና «ደግፊኝ» አሉኝ። ደገፍኳቸው። በቅሎ ላይ እንደሚወጣ ሰው በጎን ሆነው ሞተሩ ላይ ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ምርኩዙን ጭናቸው ላይ አጋደሙት።

«ጥበቡ አእምሮዋ ደክሟል ካለ፣ አእምሮዋ የደከመ ሴት የምታደርገውን አደርጋለሁ። ከዚህ የሚያወርደኝ የወለድኩት ልጅ ነው። ራሱ ይምጣ።»

የሸኮው ሽማግሌ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «ይቺን ሴትዮ እኛ አናወርድም፤ ለዚህ አልተላክንም» ብለው ምርቃት ሰጥተው ወጡ። ዳንኤል ሞተሩን አንድ ሁለቴ ዞረው፤ የአጥር ላይ ሕፃናት ሲስቁበት እሱም ሄደ። ግቢው ባዶ እስኪሆን እናትዎ አልተነቃነቁም። ከዚያ ነው «ነይ አውርጂኝ፣ ጎኔን ፈጀኝ» ያሉኝ።

ራት አልበሉም። ልጄ አስቦልሻል ማለትም ቀርቷል። ያሰቡት ይህን ከሆነ ተሳክቶልዎታል።

ለተብርሃን


ካርቱም፣ መጋቢት 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለተብርሃን፣

ሰላምታ በሌላ ጊዜ። እናቴን የመንደር መሳቂያ አደረግሻት። በሽማግሌ ፊት፣ በሕፃናት ፊት፣ አሮጌ ብረት ላይ እንደ ጆንያ አስቀመጥሻት። ይህን ከመቃብሩ ሆኖ ከፈለኝ ይየው።

ራሱ ይምጣ ብላለች፤ እመጣለሁ። ፋሲካ ይለፍ። ያን ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቼ በጆንያ ከግቢው አስወጣዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንቺም ሆንሽ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም። እስከዚያው እናቴን ከእሱ አርቂያት። የዚያ ዓይነት ሞተር የማቆሚያ እግሩ ይከዳል።

ጥበቡ


ሸኮ፣ ሰኔ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥበቡ፣

በሰላም መግባትዎን ሰምተናል፣ ለእናትዎ ስል ተመስገን ብያለሁ። እናትዎ ደህና ናቸው።

እህትዎ ተሾመች ከጅማ ጻፈችልኝ። ሲመለሱ እነሱ ቤት አድረው፣ «ለተብርሃን እግሬ ላይ ወድቃ ሥራልኝ ብላ ለመነችኝ፤ አዝኜላት ሠራሁት» ብለው ነግረዋቸዋል። ለተሾመች የሆነውን እንደሆነ ጽፌላታለሁ። ለእርስዎም ያንኑ እጽፋለሁ፤ ምናልባት መንገዱ ረዝሞ ረስተውት ይሆናል።

በግንቦት ቅዳሜ ቀን ከጭነት መኪና ወረዱ። የእናትዎን ጉልበት አቅፈው አለቀሱ፤ እሳቸውም ራስዎን ሲደባብሱ ቆዩ። እኔ ውኃ ይዤ ብቀርብ እጅዎን ሳይታጠቡ አለፉኝ። በማግሥቱ ጠዋት መፍቻዎን ከሻንጣ አውጥተው፣ ሙዙ ሥር ጆንያ አነጠፉና ሞተሩን መፍታት ጀመሩ። እኔ ጎረቤት ልጠራ ስነሣ እናትዎ ቀሚሴን ያዙኝ። «ተይው፣ እጁን ልየው» አሉኝ።

ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ሞተሩ ሞተር መሆኑ ቀረ። የቤንዚኑ ሰልባቲዮ አንድ ቦታ፣ ጎማዎቹ ግድግዳ ሥር፣ ሰንሰለቱ እንደ ሞተ እባብ ሣሩ ላይ። ብሎኖቹን ወደ ጆንያ ይወረውሩ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አልወደቅኩም። «የነገው ገበያ እንጀራዬ ነው» አልኩ። እርስዎ ቀና ሳይሉ «እንጀራሽን በእግርሽ ፈልጊ» አሉ። በመካከላችን እስከዚያ ሰዓት የተነገረው ይኸው ነው። ልመና የሚባል ካለ ያሳዩኝ።

ያን ጊዜ ነው እናትዎ ዱካቸውን እየጎተቱ አጠገብዎ የተቀመጡት። ሰፌድ አምጪ አሉኝ፤ አመጣሁ። ጆንያውን ገልብጠው ብሎኖቹን ሰፌዱ ላይ ዘረገፉና እንደ ምስር ይለቅሙ ጀመር።

«ይህ የምንድን ነው?»

«የፊት ጎማ።»

«ይህኛውስ?»

«የማርሹ ክዳን ነው፣ እማዬ። ጥቁሩ እጅሽን ያበላሽብሻል።»

«ይታጠባል። ጥበቡ፣ ስትፈታ አየሁህ። መግጠም ትችላለህ?»

ሥራዎን አቆሙ። «ምን ማለትሽ ነው? ዕድሜ ልኬን ስገጥም አይደል የኖርኩት?»

«እኔ አላየሁም» አሉ። «ሰዎች ሲያወሩ ነው የሰማሁት። ከዚህ ቤት ስትወጣ ሚስማር እንኳ አጣምመህ የምትመታ ልጅ ነበርክ። ሰው ሆነሃል ይሉኛል፤ እኔ የማውቀው ደብዳቤህን ነው። እሱንም አሁን ሙሉውን ሰምቼዋለሁ።»

ረጅም ጊዜ እጅዎን በጨርቅ ሲጠርጉ ቆዩ። ከዚያ «ላምባ አለ?» አሉ፣ ለማን እንደተናገሩ ሳይለዩ። በጣሳ አምጥቼ አጠገብዎ አኖርኩት። አንገቱን በላምባ ሲያጥቡ ብየዳው ጫፍ ላይ ሁለቱን ቀዳዳዎች አዩ፤ አውራ ጣትዎን አሳረፉባቸው።

«ይህን የሰረሰረው ማነው?»

«ከድር። ደብዳቤዎን አንብቤለት።»

እጅዎን ወደ ሰፌዱ ዘረጉ።

ሰኞን ሙሉ ገጠሙ። እናትዎ ከሰፌዱ እያነሡ ያቀብሉዎታል። ያልሆነውን ብሎን ሲሰጡዎት ይቀበሉና ቀስ ብለው ጎን ያስቀምጡት ነበር፤ አንድም ጊዜ አይደለም አላሏቸውም። ይህንም ለተሾመች ጽፌላታለሁ፤ የሚያስነውርዎን ብቻ መርጬ እንዳልጻፍኩ ይወቁልኝ። ሲመሽ ሞተሩን በአንድ ርግጫ አስነሡት። እናትዎ እልል አላሉም። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አየሁ» አሉ።

ማግሥቱን ሲሄዱ እሳቸውን ስመው እኔን አለፉኝ። እኔም አልተከተልኩዎትም። እግርዎ ላይ ወደቀች ያሉትን እግርዎን ደግሞ አይቼው ከሆነ፣ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ ሳለ ነው።

ለተብርሃን


ካርቱም፣ መስከረም 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእናቴ ለወይዘሮ በየነች፣ ዘመኑን የጤና ያድርግልሽ፤ ጉልበትሽንና እጅሽን ስሜያለሁ። ጉልበትሽ ብርድ አይንካው፤ ማታ ማታ በሞቀ ጨው አስይዢው። እኔ ደህና ነኝ።

ለለተብርሃን። ለአንቺ ሰላምታ አልጻፍኩም፤ የምጽፍልሽ ስለ ብረቱ ነው። ጅማ ላይ ስለተባለው ተሾመችን ራሴ አነጋግሬያታለሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል ከኔ አትጠብቂ።

በዚህ ደብዳቤ አምጪ እጅ ሰንሰለትና የኋላ ፍሬን ሸራ ልኬያለሁ። ያለው ሰንሰለት ረግቧል፤ አማን የተገጠመው ሸራም ሳስቷል፤ ስገጥም አይቻለሁ፣ የምቀይርበት ግን አልነበረኝም። ሲጠበቅ ሰው ተቀምጦበት ይለካ። ባዶውን ከለካችሁት ሁለት ሰው ሲጫንበት ተወጥሮ ይበጠሳል። ሸራውን ከድር ይግጠመው። የመጀመሪያ ቀን ቁልቁለት አትውረጂበት፤ ሜዳ ላይ ይለማመድ።

ዳንኤል እናቴን በየማርያሙ በሞተር ቤተ ክርስቲያን እንደምታመላልሺያት ጽፎልኛል። የጻፈው ሊያሳጣሽ ነው። በጎን ነው የምትቀመጠው ብሎኛል። እንዲያ ከሆነ እግሯ ተንጠልጥሎ ጎማው ውስጥ ይገባል። በጎን በኩል የእግር ማሳረፊያ አስበይጂላት፣ ከጎማው በላይ ደግሞ ቆርቆሮ ይሁን። ይህን ሁሉ የምለው ለአንቺ ብዬ አይደለም።

ጥበቡ


ሸኮ፣ ኅዳር 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ ጥበቡ፣

እንደምን ከረሙ? የላኩት ደርሷል። ሰንሰለቱ ረዝሞ ከድር ቆርጦ ልክ አደረገው፤ እኔ ተቀምጬበት ነው የተለካው። ሸራው ተገጥሟል፤ ሜዳ ላይ አለማምጄው አሁን በሚዛን ቁልቁለት ሁለት ጆንያ ኮረሪማ ጭኜ እወርዳለሁ። ይይዛል። ማሳረፊያውም ተበይዷል፣ ቆርቆሮውም። እናትዎ እግራቸውን እዚያ ላይ አሳርፈው ባለፈው ማርያም ስንሄድ ዳንኤልን መንገድ ላይ አገኘነው፤ በምርኩዛቸው ሰላም አሉት።

ደብዳቤዎን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «ለአንቺ ሰላምታ አልጻፍኩም» የሚለው ላይ ስደርስ «ቆይ» አሉኝ።

«ለኔ የላከው ሰላምታ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው። ዘመኑን መርቆ፣ ጉልበትዎንም እጅዎንም ስሞ፣ ስለ ብርዱም አስቦ ነው የጻፈው።»

«እንግዲያው ለአንዲት አሮጊት ይበዛል» አሉ። «ግማሹን ውሰጂ።»

ወስጃለሁ። የወሰድኩት ግን ከእሳቸው ነው፤ ከእርስዎ አይደለም።

ለተብርሃን